መቅዘፊያ ያልያዘችው እህታችን

(ወደ ባሕር ዳር ደርሰው የተመለሱት ሰባት አባሎቻችን በሄርማታ በተደረገው የአባላት ስብሰባ ላይ ያሰሙት ንግግር)





ከጥር ወዲህ እሁድ እሁድ በዚህ አዳራሽ ደጃፍ ያለፋችሁ ሁሉ አንድ ነገር ሳትታዘቡ አልቀራችሁም። ትልልቅ ሴቶች በሁለት ረድፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ የመጥረጊያ እንጨት ጨብጠን፣ ወደፊት እየተንጠራራን አየር እንቀዝፋለን። የሰፈር ልጆች በመስኮት እያዩ ይስቁብናል። ከእናንተም መካከል «እነዚህ ሴቶች ምን ነካቸው?» ያላችሁ እንዳላችሁ ሰምተናል። አንዷ እናታችንማ «ጠበል ይሻላቸዋል» ብለዋል አሉ። አልተቀየምንም። እኛም ብንሆን ባናውቀው ኖሮ እንደዚያው እንል ነበር።

ዛሬ የቆምነው ሦስት ነገር ይዘን ነው። አንደኛ፣ ይህ ነገር ከየት እንደመጣ እንነግራችኋለን። ሁለተኛ፣ ስለ አንድ ጥፋታችን እንናገራለን። ሦስተኛ፣ በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ አንድ ሐሳብ አለን፤ በሱ ላይ ድምፅ እንድትሰጡበት እንጠይቃለን።

እስቲ ከውሃ እንጀምር። እኛ የጅማ ሴቶች ውሃ የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። አዌቱ ወንዝ ከተማችንን ሰንጥቆ ያልፋል። ከከተማው ወጣ ስንል ቦዬ አለ፤ ጉማሬ የሚታይበት። ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ደግሞ የግልገል ጊቤ ግድብ ያቆረው ሰፊ ሐይቅ አለ። ነገር ግን ከውሃ ጋር ያለን ትውውቅ በእንስራና በጀሪካን፣ በልብስ አጠባና በዝናብ ብቻ ነው። ልጆች ሳለን «ውሃ ዳር አትሂጂ» እየተባልን አደግን፤ ለሴቶች ልጆቻችንም ያንኑ አልን። ወንዶቹ ልጆች ተደብቀውም ቢሆን ዋና ይለምዳሉ። ከሰባታችን አንዳችንም መዋኘት አንችልም።

ወደ ባሕር ዳር የሄድነው ለመቅዘፍ አልነበረም። የአንዷ አባላችን ልጅ እዚያ አግብታ ወልዳ ነበርና አራስ ልንጠይቅ ነው። ከጥምቀት በኋላ ቅቤውን፣ ማሩን፣ ቡናውን ሸክፈን ተነሳን። አንድ ቀን እስከ አዲስ አበባ፣ አንድ ቀን ደግሞ ከዚያ እስከ ባሕር ዳር። አብራን አንዲት እህታችን ነበረች። ስሟን አንጠራም፤ ታሪኳን እንድንናገር ግን ፈቅዳልናለች፤ አሁንም እዚሁ መካከላችን ተቀምጣለች።

ይህች እህታችን ቡና በመልቀም የምትተዳደር ሴት ነበረች። መጋዘን ውስጥ ቡና ስትለቅም ከእጇ ፍጥነት የተነሳ ሌላው ሰው ሥራውን ትቶ ያያት ነበር። ከዚያ የጡት ካንሰር ያዛት። ቀኝ ጡቷ በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ ከብብቷ ስር ያሉት እጢዎችም አብረው ወጡ። ዳነች፣ አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ቀኝ እጇ እየቆየ ማበጥ ጀመረ። «ከእንግዲህ በዚህ እጅሽ ምንም ነገር እንዳታነሺ» አሏት። እሷም እንደተባለችው እጇን ደረቷ ላይ አጥፋ ቤቷ ተቀመጠች። ሥራዋን ተወች። ገቢ ሲቋረጥ ቁጠባ ቀረ፤ ቁጠባ ሲቀር ስብሰባ መምጣት አፈረች።

አሁን ወደ ጥፋታችን እንምጣ። ደንባችን ሦስት ወር በተከታታይ ያልቆጠበች፣ ያለ ፈቃድም ከስብሰባ የቀረች አባል ትሰረዛለች ይላል። ደንቡ መጥፎ አይደለም፤ ያለ እሱ ማኅበራችን እዚህ ባልደረሰ ነበር። እኛ ከሰባታችን መካከል ያለነው የኮሚቴ አባላት የስረዛውን ደብዳቤ ጽፈን ጨርሰን ነበር። ማኅተም ብቻ ነበር የሚቀረው። ለጉዞው የጋበዝናትም ደብዳቤውን ከመስጠታችን በፊት «ትንሽ አየር ትቀይር» ብለን ነው። እህቶቻችን፣ ይህን ስንናገር ያሳፍረናል። በአንድ መኪና ተሳፍረን፣ ከአንድ ሰሃን እየበላን፣ ደብዳቤውን በልባችን ይዘን ሄድን።

ጣናን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየነው በማለዳ ነው። የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው፤ ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ዓባይ የሚወጣው ከሱ ነው። ይህን ያህል ሰፍቶ ጥልቅ በሚባልበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር አካባቢ ነው መባሉ ገርሞናል። ማዶው አይታይም። አንዷ እናታችን ዳሩ ላይ ቆመው «ይህ ሁሉ ውሃ ተኝቶ፣ እኛ ለአንድ ጀሪካን ስንሰለፍ!» አሉ።

በማግስቱ ከሌሎች ሰዎች ጋር አንድ የሞተር ጀልባ ተከራየን። መጀመሪያ ዘጌ ወረድን። ዘጌ በጫካው ውስጥ በዛፍ ጥላ ስር ቡና የሚበቅልበት ባሕረ ገብ መሬት ነው። ከአገር ርቀን ቡና ስናይ ዘመድ እንዳገኘ ሰው ነው የሆንነው። ቅጠሉን እየዳሰስን፣ ፍሬውን እያየን፣ «ይሄ እንኳ እንደኛ አይሆንም» እያልን ተፎካከርን። ስንመለስ ወደ ክብራን ገብርኤል ደሴት ቀረብን። ክብራን የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴት አይገባም። ጎረቤቱ እንጦስ ኢየሱስ ሴቶችን ያስገባል፤ ክብራን ግን ሥርዓቱ ነው። አብረውን የተሳፈሩት ወንዶች ወጡ፣ እኛ ክርስቲያኖቹም ሙስሊሞቹም ዳር ቀረን።

ባለጀልባው ዕድሜው የገፋ፣ ቀልድ የሚያውቅ ሰው ነው። ከወንበሩ ስር ሁለት መቅዘፊያ አወጣና «እናቶቼ፣ ሞተሩ መሐል ሐይቅ ላይ ቢጠፋ ማን ሊያወጣችሁ ነው? ኑ፣ ያዙ» አለን። ሁላችንም ተንሳፋፊ ጃኬታችንን አጠባብቀን አሰርን። ከደሴቱ ዳር ሳይርቅ፣ ውሃው እንደ መስታወት ጸጥ ባለበት፣ ሞተሩን አጠፋው። መጀመሪያ የያዙት ሁለቱ ጉልበታም የምንላቸው ናቸው፤ አንዷ ጆንያ ቡና ብቻዋን የምታነሳ፣ ሌላዋ ወፍጮ ቤት የምትሠራ። ጎትተው ጎትተው ጀልባዋ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? እዚያው ዞረች። እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ዞረች። ሁለት ሌሎች ያዙ፤ እነሱም መቅዘፊያቸው ከመቅዘፊያ ተጋጭቶ ውሃውን ፊታችን ላይ ረጩት። ሳቅ ሆነ።

ሰውየው እንዲህ አስረዳን። እያንዳንዳችሁ የምታዩት የገዛ መቅዘፊያችሁን ነው፤ መታየት ያለባት ግን ፊት የተቀመጠችው ናት። ጠንካራዋ ደካማዋን ካልጠበቀች ጀልባዋ ትዞራለች እንጂ አትሄድም። ጉልበቱ ደግሞ የክንድ አይደለም፤ ከወገብና ከጀርባ ነው የሚመጣው። ክንድ ብቻውን ቶሎ ይዝላል። አንድ ላይ ውሃ መንካት፣ አንድ ላይ መሳብ፣ አንድ ላይ ማውጣት። ለዚህ ደግሞ የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል አለ።

ያን ጊዜ ከኋላ፣ እጇን እንዳጠፈች ጥግ ከተቀመጠችው እህታችን ድምፅ ተሰማ። «ቶኮ… ላማ… ሰዲ… አፉር…» ስትል ቆጠረች። የቡና ለቃሚ ቆጠራ ነው፤ ሳይፈጥን ሳይዘገይ፣ ልክ መጋዘን ውስጥ እንደምትቆጥረው። መቅዘፊያዎቹ ገጠሙ። ጀልባዋ ቀጥ ብላ ሄደች! እልል አልን። ተራ እየተለዋወጥን ስንቀዝፍ እሷ መቁጠሯን አላቋረጠችም። በመጨረሻ «እኔስ?» አለች። ባለጀልባውም እኛም ዝም አልን። ተጠግታ መቅዘፊያውን ያዘች፤ በቀስታ ሰባት ጊዜ ሳበች። ስምንተኛው ላይ «ይብቃኝ» ብላ መለሰችልን። ያን ቀን ማታ እጇ ይበልጥ ያብጥ ይሆን እያልን ስንሰጋ አደርን፤ ጠዋት እንደወትሮው ነበር። ያለ ሐኪም ምክር መሞከራችን ግን ትክክል አልነበረም፤ ይህንንም እንዳታደርጉ እየነገርናችሁ ነው።

እዚያው ዳር አንድ ዓሣ አጥማጅ ታንኳውን አስጠግቶ ነበር። የጣና ታንኳ ከደንገል የሚሠራ ነው። ደንገሉን ያጭዳሉ፣ ያደርቃሉ፣ ነዶ በነዶ አድርገው በገመድ ጠፍረው ያስሩታል። ሚስማር የለው፣ ጣውላ የለው። ደንገል ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ዳር ላይ አውጥተው ያደርቁታል። አንዲት የደንገል ዘንግ ብቻዋን የሕፃን መጫወቻ ናት፤ ታስራ ግን ሰው ከነጭነቱ ትሸከማለች። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው በዓይናችን ታየን።

ማታ አራሷ ቤት ይህን ስናወራ አማቹ፣ መምህር ነው፣ አንድ ታሪክ ነገረን። በፈረንጆች 1969 ቶር ሄየርዳል የተባለ የኖርዌይ ተመራማሪ የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ ነበር ብሎ ሊያሳይ ተነሳ። ደንገሉ የተወሰደው ከዚሁ ከጣና ነው። ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሠሪዎች ግብፅ ውስጥ ጀልባውን ሠሩት፤ ስሙንም «ራ» አሉት። ከሞሮኮ ተነስቶ ለሳምንታት አትላንቲክን ቀዘፈ፤ ከዚያ ኋላው እየሰመጠ ሄደ፣ ተበጣጠሰ፣ ተሳፋሪዎቹ ጥለውት ወጡ። ለምን? በጥንቱ የግብፅ አሠራር ከኋለኛው ጫፍ ተነስቶ ወደ ጀልባው ወለል የሚወጠር አንድ ገመድ ነበር፤ የኋላውን ቀና አድርጎ የሚይዝ። በ«ራ» ላይ ይህ ገመድ ቀርቶ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ጀልባ ተሠራ፤ «ራ 2» ይባላል፤ እሱ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰ።

መምህሩ ታሪኩን ጨርሶ ቡናውን ሲጠጣ እኛ የኮሚቴዎቹ እርስ በርስ ተያየን። የስረዛው ደብዳቤ ነበር በሁላችን ልብ የመጣው።

ወደ ጅማ እንደተመለስን መጀመሪያ ያደረግነው እህታችንን ይዘን አንዲት ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። «እጇን አታንቀሳቅሺ የተባለው ልክ ነው ወይ?» ብለን ጠየቅን። ሐኪሟ ያስረዳችን ነገር ብዙዎቻችሁን ይጠቅማልና በደንብ አዳምጡ። ቀድሞ በዓለም ዙሪያ የነበረው እምነት ጡቷ የተቆረጠ ሴት በእጇ ከባድ ሥራ ደጋግማ ከሠራች እጇ ያብጣል የሚል ነበር። በፈረንጆች 1996 በካናዳ፣ በቫንኩቨር ከተማ፣ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሐኪም የሆኑት ዶክተር ዶን ማኬንዚ ይህን ሊፈትሹ ተነሱ። የጡት ካንሰር ታክመው የዳኑ 24 ሴቶች ፈቅደው ገቡ። የተመረጠው ሥራ ደግሞ ከሁሉ ክንድን የሚያደክመው ነው፤ ቀዘፋ! የዘንዶ ጀልባ የሚባለው ረጅም የቻይና ጀልባ ላይ 20 ሰው ሁለት ሁለት እየሆነ ይቀመጣል፤ ከፊት አንድ ከበሮ የሚመታ፣ ከኋላ አንድ መሪ የሚይዝ አለ። ሴቶቹ ዝም ብለው ጀልባ ላይ አልወጡም። በመጀመሪያ በየብስ፣ በባለሙያ ክትትል፣ ቀስ በቀስ ተለማመዱ። ከዚያ ውሃ ላይ ወጡ። አንዷም በቀዘፋው ምክንያት አዲስ እብጠት አልያዛትም። ዛሬ በብዙ አገሮች እንደነሱ ያሉ የሴቶች የቀዘፋ ቡድኖች አሉ።

ይህን ስትሰማ እህታችን አለቀሰች። ከቀዘፋው ይልቅ ያስለቀሳት ያለ ሥራ የተቀመጠችባቸው ዓመታት ይመስለናል። ሐኪሟ እጇን መርምራ እንዴት እንደምታንቀሳቅስ፣ በምን ያህል እንደምትጀምር፣ መቼ እንደምታቆም አሳየቻት። እብጠቱ ጨርሶ ይጠፋል አላለቻትም፤ እኛም አንልም። ግን እጇን እንድታጥፍ አትገደድም።

ከዚያ በኋላ ነው ስለ ደብዳቤው የነገርናት። ቤቷ ሄደን፣ ቡና አፍልታ፣ ሦስተኛው ሲኒ ላይ ተናገርን። ዝም ብላ ሰማችን። በመጨረሻ ያለችው ይህን ነው፤ «አውቄ ነበር። እኔም ኮሚቴ ብሆን እጽፈው ነበር። ግን ከመጻፌ በፊት ቤቴ መጥቼ እጠይቅ ነበር።» መልስ አጣን። ደብዳቤው በዚያው ቀን ተቀደደ።

አሁን ስለ እሁዱ እንጨት። የራሳችን ጀልባ የለንም፤ የሚቀዘፍበት ውሃም በደጃችን የለም። ግን የቫንኩቨር ሴቶች የጀመሩት በየብስ ከሆነ እኛም መጀመር እንችላለን አልን። አግዳሚ ወንበሮቹን ሁለት ረድፍ እናደርጋለን። እጃችን ከፍ ሳይል፣ ከወገብ ዘንበል ብለን፣ አንድ ላይ እንስባለን። አምስት ደቂቃ ቀዝፈን እናርፋለን፤ በየሳምንቱ ትንሽ እንጨምራለን። ከበሮ የለንም፤ ባዶ ጀሪካን ይበቃናል። እሱን የምትመታው እህታችን ናት፤ በሐኪሟ ፈቃድ ደግሞ አሁን አሁን እንጨት መያዝ ጀምራለች። አባቶቻችን በማሳ ላይ ተራ በተራ የሚተጋገዙበት ዳዶ አለ አይደል? እኛ የጀመርነውም ያው ነው፤ አንዷ ስትደክም ሌላዋ ቆጠራውን ትረከባለች።

ከሰባታችን ተነስተን ዛሬ አሥራ ስድስት ደርሰናል። መግባት ለምትፈልጉ የሚከተለውን እንነግራችኋለን። ዕድሜ አንጠይቅም። ደም ግፊት፣ የልብ ሕመም ወይም እርግዝና ያላችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ። የጡት ቀዶ ሕክምና ያደረጋችሁ ያለ ሐኪም ፈቃድ አትጀምሩ፤ እጃችሁ ከከበዳችሁ፣ ከተወጠረ ወይም ካበጠ ወዲያው አቁሙና ታዩ። ለመጪው ጥር ጣና ላይ ለመቅዘፍ አስበናል፤ ለዚህ በወር 100 ብር ለብቻው እንቆጥባለን፤ አቅም የሌላት በእንጨቱ ብቻ ትመጣለች። ውሃ ላይ ስንወጣ ሕጋችን ጥብቅ ነው። ተንሳፋፊ ጃኬት ያላሰረች አትሳፈርም። ጀልባ ላይ ማንም አይቆምም። የምንቀዝፈው ጠዋት ብቻ ነው፤ ጣና ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል፣ ሞገዱም ይከተላል። ከዳርም አንርቅም።

አንድ ነገር እንጨምር። በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁ የካንሰር ዓይነቶች የመጀመሪያው የጡት ካንሰር ነው። ጡታችሁ ላይ እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ ወይም ከጫፉ ፈሳሽ ካያችሁ «ይጠፋል» ብላችሁ አትቆዩ። አያምም ብላችሁም አትዘናጉ፤ የእህታችንም ሲጀምር አላመማትም ነበር። አፍራችሁ ብቻችሁን መሄድ ከከበዳችሁ ንገሩን፤ ሁለታችን አብረናችሁ እንሄዳለን።

አሁን ወደ ሐሳባችን። በደንባችን ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር እንዲጨመር እንጠይቃለን። አንደኛው፣ በሕመም ምክንያት ቁጠባዋ የተቋረጠ አባል እስክታገግም ድረስ አባልነቷ እንደተጠበቀ ይሆናል የሚል። ሁለተኛው፣ ማንኛዋም አባል ከመሰረዟ በፊት ሁለት አባላት ቤቷ ሄደው ይጠይቃሉ የሚል። «ሕመም ነው እያለች ሁሉም ቢቀርስ?» የሚል ስጋት እንዳለ እናውቃለን፤ ከመካከላችንም የገንዘብ ያዧ ይህንኑ ጠይቃ ተከራክረናል። ለዚህ ነው ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ያስፈለገው። ቤት ሄዶ ያየ ሰው እውነቱን ያውቃል። ካልተስማማችሁ ዛሬውኑ ተናገሩ፤ ተከራክረን እንወስን።

ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ሻይ ይቀርባል። ድምፁን የምትቆጥረው እህታችን ናት፤ ቆጠራ እንደምትችል አይተናል። ለቀዘፋው ደግሞ የፊታችን እሁድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እዚሁ እንገናኝ፤ መጥረጊያችሁን ሳይሆን እንጨቱን ብቻ ይዛችሁ ኑ።